ወፍራም ዘይት፣ ቀጭን ዘይት

የመኪና ዘይት የሚመረጠው በሠንጠረዥ ነው ብዬ አምን ነበር። ሠንጠረዡ በመማሪያ መጽሐፋችን መጨረሻ አካባቢ አለ፤ በግራ የአየሩ ሙቀት፣ በቀኝ የዘይቱ ቁጥር። ብርድ ላለበት አገር ትንሽ ቁጥር፣ ይኸውም ቀጭን ዘይት፤ ሙቀት ላለበት አገር ትልቅ ቁጥር፣ ይኸውም ወፍራም ዘይት። እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ይዤው ነበር። ባለፈው የካቲት አንድ ባሕር ዳር ያለ ጋራዥ ውስጥ ሰዎች ከበው ሲጠይቁኝ ግን ሠንጠረዡ አፌ ላይ ደርሶ ቀረ። የምጽፈው ስለዚያ ቀን ነው። የሰዎቹን ስም ቀይሬአለሁ፤ የመሥሪያ ቤቱንም ስም ትቻለሁ። ምክንያቱን አንባቢ ራሱ ይረዳልኛል።

አስቀድሜ ማን እንደሆንሁ ልናገር። ገና የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ የመኪና ጥገና እማራለሁ። አባቴ ከሐይቁ ማዶ ዘጌ ውስጥ መሪጌታ ናቸው፤ ብራና ይጽፋሉ። በእኛ ቤት ትልቅ ሰው ሲጠይቅ ልጅ ፊቱን አይቶ ነው የሚመልስ። አባቴ የቀለሙን ቀንድ ዘንበል አድርገው "አልቀጠነም?" ካሉ መልሱ "ቀጥኗል" ነው፤ "አልወፈረም?" ካሉ "ወፍሯል" ነው። ይህን ልማድ ይዤ ተማሪ ቤት ገባሁ፤ እዚያም ጠቀመኝ። መምህሩ ጥያቄውን ሳይጨርሱ የሚሹት መልስ ወዴት እንደሚያዘነብል አውቅ ነበር። የክፍል ጓደኞቼ "ይበልጣል አሜን" ይሉኛል። ይበልጣል ስሜ ነው፤ አሜኑን የጨመሩት እነርሱ ናቸው።

በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ለልምምድ ወደ አንድ የጤና መሥሪያ ቤት ጋራዥ ተላክሁ። ጋራዡ ከሐይቁ ዳር አይርቅም። ጧት ጧት ከሐይቁ ደንገል በኩል የሚመጣው ብርድ ብረት አያስነካም፤ ቀትር ላይ ደግሞ የጣራው ቆርቆሮ ከሙቀት የተነሣ ይንጣጣል። ያሉት መኪናዎች ጥቂት ናቸው፤ ከእነርሱም መንገድ የምትችለው አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ብቻ ነበረች። ሾፌሯ ጋሽ አያሌው ይባላሉ፤ ጠይም፣ ቀጠን ያሉ፣ ቀልድ የሚወዱ ሰው ናቸው። የጋራዡ ኃላፊ ጓድ ደሳለኝ ናቸው። ከአዲስ አበባ ተመድበው የመጡ፣ ካኪያቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሰው ሲሰማቸው ብቻ ድምፃቸውን ከፍ የሚያደርጉ ሰው ናቸው።

ከመግቢያው በስተግራ አንድ ሚስማር አለ። በሚስማሩ ላይ አቧራ የጠጣ ሰማያዊ ጃኬት ተሰቅሎ ነበር። መጀመሪያ የገባሁ ዕለት ቦርሳዬን ልሰቅልበት ስል ጋሽ አያሌው እጄን ያዙኝ።

"እዚያ አይሰቀልም" አሉኝ።

"የማን ነው?"

"የታደሰ" አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ታደሰ ማን እንደነበር ቆይቼ ሰማሁ። እርሱም የዚያው ጋራዥ ሾፌር ነበር። ባለፈው ዓመት በቆላ መንገድ ላይ የመኪናው ሞተር ተጣብቆ ቆመ፤ የጫነው መድኃኒት ፀሐይ ላይ ተበላሸ። ነገሩ "አሻጥር ነው" ተባለ። ታደሰ ለጥያቄ ሲጠራ ጃኬቱን ሚስማሩ ላይ ሰቅሎ "መጣሁ" ብሎ ሄደ። አልተመለሰም። ጃኬቱን የሚያወርደውም ሰው አልተገኘም።

የዚያን ዕለት ጧት ገና እጃችንን እያሟሟቅን ሳለ ሲስተር ዘውዴ የበረዶ ሣጥን አንጠልጥለው ገቡ። የክትባት ሥራ የሚሠሩ፣ ምላሳቸው ሹል የሆነ ነርስ ናቸው። ከኋላቸው የመርፌ መቀቀያ ዕቃቸውን የተሸከመ ሰው ነበር፤ አስቀምጦላቸው ሄደ።

"ጋሽ አያሌው፣ ይነሡ" አሉ። "ማክሰኝት አካባቢ ኩፍኝ ገብቷል። ክትባቱ ከማቀዝቀዣ ወጥቷል። በረዶው እስከ ማታ ቢቆይ ነው፤ ከቀለጠ መድኃኒቱ ውኃ ነው።"

ጋሽ አያሌው አልተነሡም። "መኪናዋ ሆዷ ባዶ ነው። ዘይቷን ትናንት ማታ አውርደናታል።"

"ታዲያ ሙሏት።"

"በምን?"

ነገሩ እንዲህ ነበር። አርባ ቁጥር ዘይት ይመጣል ተብሎ አሮጌው ዘይት ወርዷል፤ የሚመጣው ግን አልመጣም። ዕቃ ቤት ያለው ሁለት ጀሪካን ብቻ ነው። አንደኛው ከጀልባ ሞተር የተረፈ ሃምሳ ቁጥር፣ እንደ ማር የሚጎተት ወፍራም ዘይት። ሁለተኛው ሃያ ቁጥር፣ ቀጭን ዘይት። ጓድ ደሳለኝ ሁለቱንም አስመጥተው መኪናዋ ፊት አስቀመጡ።

"ወፍራሙን ስጡኝ" አሉ ጋሽ አያሌው። "ይቺ አሮጊት ናት። ለአሮጊት ገንፎ እንጂ አጥሚት አይበቃትም።"

ጓድ ደሳለኝ ከመሳቢያ የመኪናዋን መጽሐፍ አወጡ። "የፋብሪካው መጽሐፍ አርባው ከሌለ ለዚህ ዓይነት አየር ቀጭኑን ነው የሚያዘው።"

"መጽሐፉ ሲጻፍ እርሷ ሙሽራ ነበረች።"

"ጋሽ አያሌው፣ ቀልድ ይቅር። ኋላ መንገድ ላይ ብትቆም የምጠየቀው እኔ ነኝ። በመጽሐፉ ከሄድን መልስ አለኝ።"

"እርስዎስ መልስ አለዎት" አሉ ጋሽ አያሌው ቀስ ብለው። "መሪውን የምይዘው እኔ ነኝ። እኔ ምን አለኝ?"

ማንም ወደ ሚስማሩ አላየም። ላለማየት ግን ሁላቸውም አንገታቸውን ወደ ሌላ በኩል አዙረው ነበር።

ጓድ ደሳለኝ ድንገት ወደ እኔ ዞሩ። "ተማሪ አለን አይደል እንዴ? ይበልጣል፣ ተናገር። የተማርከውን ንገራቸው።"

እንደ ልማዴ ፊታቸውን አየሁ። የሚሹት "ቀጭኑ" የሚለውን ነው፤ ሠንጠረዡም ለጧቱ ብርድ ከሆነ እንዲያ ይላል። የጋሽ አያሌውን ፊት አየሁ። የሚሹት "ወፍራሙ" የሚለውን ነው፤ ዓይናቸው ይለምን ነበር። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ሁለት መልስ ሲፈልጉብኝ በዕድሜዬ የመጀመሪያው ነው። አሜን የምልበት ወገን ጠፋኝ። የሚያስደስት መልስ ሲታጣ ሰው ወደ ነገሩ ራሱ ማየት ይጀምራል መሰለኝ፤ መኪናዋን አየኋት።

አሮጌ ናት። ብረቶቿ ተበልተው በመካከላቸው ያለው ክፍተት ሰፍቷል። ቀጭኑ ዘይት በፎገራ ሜዳ የቀትር ሙቀት ከዳገት ጋር ሲያገኘው እንደ ውኃ ይሆናል፤ ክፍተቱን አይሞላውም፤ ብረት ከብረት ይገናኛል። ወፍራሙስ? ሌሊቱን ባዶዋን አድራለች። ብርድ ነው፤ ባትሪዋ ደካማ ነው፤ ዘይት ወደ ላይ የሚገፋው ፓምፗም እንደ እርሷ አርጅቷል። ማር የመሰለው ዘይት እስኪወጣላት ድረስ የላይኞቹ ብረቶች በደረቁ ይፋጫሉ።

"ሁለቱም ልክ አይመስለኝም" አልሁ።

የራሴን ድምፅ ስሰማ ደነገጥሁ። ሲስተር ዘውዴ ሣጥናቸውን መሬት አስቀመጡ።

"ምን ማለትህ ነው?" አሉ ጓድ ደሳለኝ።

ያሰብሁትን ዘርዝሬ ነገርኋቸው። ጋሽ አያሌው ስለ ቀጭኑ ስናገር ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስለ ወፍራሙ ስናገር መነቅነቁን ተዉ።

"ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው?"

"ቢቀላቀሉ።"

ጓድ ደሳለኝ ሄደው የጋራዡን በር ዘጉት። 

"ይህን ቃል ሁለተኛ እንዳትናገር" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የመንግሥት መኪና ላይ ዘይት ቀላቀሉ ተብሎ ቢሰማ ምን እንደሚባል ታውቃለህ?"

"ገበያ ላይ ቅቤውን በሙዝ እንደሚቀላቅሉት ነው የሚቆጠርብን" አሉ ሲስተር ዘውዴ። ከዚያ ግን ወደ እኔ ጠጋ ብለው "ይሠራል?" ብለው ጠየቁኝ።

"አላውቅም። መሞከር ይቻላል።"

ለትልቅ ሰው "አላውቅም" ብዬ አላውቅም ነበር።

የአባቴን ሥራ ያወራሁላቸው ያኔ ነው። ብራና ጸሐፊ ቀለም ሲወፍርበት መቃው ይጎትታል፤ ሲቀጥንበት ብራናው ላይ ይደማል። የሐይቁ ብርድ ቀለሙን ጧት ስለሚያወፍረው አባቴ ቀንዱን ብብታቸው ሥር ይዘው ያሞቁታል። አዲስ ቀለም ሲያዘጋጁ ደግሞ ከቁራጭ ብራና አንዱን ዘንበል አድርገው ያቆሙና ሁለት ጠብታ ጎን ለጎን ይጥሉበታል፤ አንዱ ካለፈው ጊዜ የተረፈ፣ ደኅንነቱ የታወቀ ቀለም፣ ሌላው አዲሱ። ሁለቱ እኩል ከወረዱ ይጽፉበታል። አዲሱ ከቀደመ ወፍራም ይጨምራሉ፤ ከዘገየ ቀጭን ይጨምራሉ። ልጅ ሆኜ ጠብታዎቹን እያየሁ የምነግራቸው እኔ ነበርሁ።

"ደኅንነቱ የታወቀ ዘይት ከየት ታመጣለህ?" አሉ ጓድ ደሳለኝ።

ጋሽ አያሌው ምንም ሳይናገሩ ወደ ጥጉ ሄደው ከተጣሉት ጣሳዎች መካከል አንዱን አመጡ። ያለቀ የአርባ ቁጥር ጣሳ ነው። ዘቅዝቀው ሲይዙት ቀስ እያለ ከሥሩ ትንሽ ዘይት ወረደ። ለጥቂት ጠብታ ይበቃ ነበር።

ጠፍጣፋ የቆርቆሮ ቁራጭ አገኘሁ፤ ወልውዬ ከመኪናዋ ጎማ ጋር አስደገፍሁት። መለኪያ ቸገረኝ። ሲስተር ዘውዴ ከቦርሳቸው ጫፉ የተሰነጠቀ የብርጭቆ መርፌ አወጡ።

"ይኸውልህ። ከዛሬ በኋላ ሰው አይነካም፤ እንዳትመልስልኝ።"

መጀመሪያ እኩል በእኩል ቀላቀልሁና ከአርባው ጎን ጠብ አደረግሁ። ሁላችንም አጎንብሰን አየን። የእኔ ጠብታ ቀድማ ወረደች፤ ቀጥናለች። ጠረግሁት። ጓድ ደሳለኝ በሩን ያያሉ፣ ሣጥኑን ያያሉ፣ ቆርቆሮውን ያያሉ። ሁለተኛውን ከወፍራሙ ሁለት እጅ፣ ከቀጭኑ አንድ እጅ አደረግሁት። ሁለቱ ጠብታዎች ጎን ለጎን ተነሥተው፣ እንደ ጥማድ በሬ፣ አንዱ ሌላውን ሳይቀድም ከቆርቆሮው ግርጌ ደረሱ።

"ይህ በብርድ ነው" አሉ ጋሽ አያሌው። "ፎገራ ላይስ?"

እውነታቸውን ነበር። ሲስተር ዘውዴ የመርፌ መቀቀያቸውን ለኮሱልኝ፤ ክዳኑ ሲግል አጋድሜ ያዝሁትና በጨርቅ እንደያዝሁ ጠብታዎቹን ጣልሁ። ሁለቱም እንደ ዕንባ ሮጡ፤ የእኛው በጣት ስፋት ቀደመች እንጂ ብዙ አልራቀችም። ጋሽ አያሌው ከድብልቁ በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል አሹና አሸተቱት።

"ከአርባው አልለየውም" አሉ።

ጓድ ደሳለኝ ቀና ብለው አዩኝ። "የወሰነው ማን ነው? ሰው ቢጠይቀኝ ማን ልበል?"

እዚህ ላይ ዝም ማለት ይቻል ነበር። "ሁላችንም ነን" ማለትም ይቻል ነበር።

"እኔ ነኝ" አልሁ።

"እንግዲያው አብረህ ትሄዳለህ። መኪናዋ ከቆመች ከእሷ ጋር ትቆማለህ።"

በዚያው ልክ በትልቁ ቀላቀልን፤ ሞላናት፤ የተረፈውን ጀሪካን ውስጥ አድርገን ከኋላ ጫንን። ጋሽ አያሌው ቁልፉን ሲያዞሩ ዘይት ግፊት ሲያጣ የምትበራው ትንሿ መብራት በራች። ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ አቃስቶ ተነሣ። መብራቷ ትንሽ ቆየችና ጠፋች።

ዓባይ ድልድይ ኬላ ላይ አንድ ወጣት ወታደር አስቆመን። ኋላ ያለውን ጀሪካን በጠመንጃው አፍ ነካ አደረገው።

"ነዳጅ ነው?"

"የሞተር ዘይት ነው" አልሁ። "መንገድ ላይ ቢጎድል የምንጨምረው።"

"ያልታሸገ ነው። ከየት የመጣ ነው? አውርዱት።"

ጋሽ አያሌው መሪውን ጨብጠው ፊት ለፊት ብቻ ያያሉ። የጆሯቸው ጀርባ በላብ ረጥቦ ነበር።

"ወንድሜ" አሉ ሲስተር ዘውዴ ከፊት ወንበር አንገታቸውን አውጥተው፣ "ክፈተውና አሽትተው። እኔን ግን ይህን ሣጥን ፀሐይ ላይ እያቆምህብኝ ነው። የሕፃናት ክትባት ነው። ልጅ አለህ?"

"የለኝም።"

"ሲኖርህ ታስታውሰኛለህ።"

ወታደሩ ክዳኑን ከፍቶ ጣቱን ነከረ፤ አሸተተ፤ ጣቱን በጠመንጃው ብረት ላይ ጠረገ። "ለመሣሪያም ይሆናል" አለና በእጁ እለፉ አለን።

ድልድዩን ተሻግረን ከራቅን በኋላ ጋሽ አያሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ። "ጠመንጃው ቢነክስበት አንተን ነው የምጠራ፣ የመሪጌታ ልጅ።" ሲስተር ዘውዴ ሳቁ። እኔ መሳቅ አልቻልሁም፤ ዓይኔን ከመብራቷ ላይ መንቀል አቅቶኝ ነበር።

ጉማራን አለፍን። ርብን አለፍን። የፎገራ ሜዳ በዚያ ሰዓት ነጭ ነው፤ ከብቶች ጥላ አጥተው አንዱ በሌላው ጥላ ሥር ይቆማሉ። አቧራው በመስኮት እየገባ በላባችን ላይ ይጋገራል። ሲስተር ዘውዴ ሣጥኑን በነጠላቸው ሸፍነው እንደ ሕፃን ታቅፈውታል። አልፎ አልፎ ክዳኑን ሳይከፍቱ ጆሯቸውን ይለጥፉበትና "ይንኳኳል፤ በረዶው አለ" ይላሉ። አዲስ ዘመን ስንደርስ መብራቷ እንደጠፋች ነበረች። በልቤ ሰው ሆኛለሁ አልሁ።

ከአዲስ ዘመን ወጥተን ዳገቱን ስንጀምር መብራቷ ብልጭ አለች።

ጋሽ አያሌው አይተዋል፤ እንዳላየሁ ተስፋ አድርገው ዝም አሉ። እኔም አይቻለሁ፤ እንዳላዩ ተስፋ አድርጌ ዝም አልሁ። ኩርባው ላይ ደግማ ብልጭ አለች። ቀጥሎ በራችና አልጠፋ አለች። ከሞተሩ ውስጥ ቀጭን የመንኳኳት ድምፅ መጣ። ጋሽ አያሌው ዳር ይዘው አቆሙና ሞተሩን አጠፉት።

የጋለ ብረት ብቻ ጠቅ ጠቅ ይላል። እጃቸውን ከመሪው አላነሡም።

"በል" አሉ ወደ እኔ ሳይዞሩ። "አልቀጠነም?"

በአባቴ ቃል መጠየቃቸው አይደለም ያስደነገጠኝ፤ መልሱ ምላሴ ላይ ተዘጋጅቶ መገኘቱ ነው። "ቀጥኗል" ብል ለእርሳቸው ዕረፍት ነበር። ወፍራሙ ይሻል ነበር ማለት ይሆናል፤ ጥፋቱ የተማሪው ነው ማለት ይሆናል፤ ከታደሰ ሚስማርም ይርቃሉ። ያን ለመስጠት ልቤ ከጅሎ ነበር።

"ሳላይ አልናገርም፣ ጋሽ አያሌው" አልሁ።

ወርጄ ኮፈኑን ከፈትሁ። ዘይቱ ወደ ሥሩ እስኪወርድ መጠበቅ ነበረብኝ፤ ያ ጥበቃ ከመንገዱ ሁሉ ረዘመብኝ። የመለኪያውን ብረት ስቤ አወጣሁት፤ ጠርጌ መልሼ አወጣሁት። ጫፉን ብቻ ነክቶታል። የነካውን በጣቶቼ መካከል አሸሁት። ሞቃት ነው፤ ግን ሰውነት አለው፤ በጣቶቼ መካከል ተስቦ ይቀራል እንጂ እንደ ውኃ አይበተንም።

"አልቀጠነም" አልሁ። "አንሷል።"

"እንዴት ያንሳል? ሞልተናት ወጣን።"

"የት እንደሄደ እርስዎ ያውቁ ይሆናል።"

ጋሽ አያሌው ወርደው አጠገቤ ቆሙ። ወደ መጣንበት ኩርባ አዩ፤ ሰማያዊ ጭሳችን ገና አየር ላይ ነበር።

"ዳገት ላይ ትጠጣለች" አሉ በመጨረሻ። "ለጓድ ደሳለኝ አልነገርሁም። ትጠጣለች ብል ያቆሟታል። እርሷ ከቆመች እኔም ቆምሁ ማለት ነው፤ ቤቴ ስድስት አፍ ነው።"

ሲስተር ዘውዴ ከመኪናው ውስጥ ሆነው ይሰሙ ነበር። "የእኔ ደግሞ እየቀለጠብኝ ነው" አሉ። "ጠጥታ እንደሆነ አጠጧት እንጂ ለቅሶ አትቀመጡ።"

ወታደሩ ሊያስወርደን የነበረውን ጀሪካን አመጣሁ። ከአሮጌ ጋዜጣ ማፍሰሻ ጠቀለልሁና እጄ እየተቃጠለ ቀስ ብዬ ጨመርሁ። መለኪያውን አየሁ። ጨመርሁ። እንደገና አየሁ። ጋሽ አያሌው ገብተው ቁልፉን ሲያዞሩ ሞተሩ ተነሣ፤ መብራቷ ግን በርታ ቆየች። ኮፈኑን እንደያዝሁ ቆሜአለሁ። ሞተሩ ያንኳኳል። ባለቤቱን ያላየሁት ሰማያዊ ጃኬት ፊቴ ድቅን አለብኝ።

"ጠፋች" አሉ ሲስተር ዘውዴ።

መንኳኳቱም ቆመ። ጋሽ አያሌው በመስኮት እጃቸውን አውጥተው በሩን ከውጭ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ፤ የበሬን ጎን እንደሚመቱት። "ግባ" አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ይፋግም ሌላም ቦታ እየቆምን፣ መለኪያ እያየን፣ እየጨመርን ሄድን። ማክሰኝት ስንገባ ፀሐይ ወደ ሐይቁ አዘንብላ ነበር። ጀሪካኑ ሥር የቀረው ዘይት ለመመለሻ የሚበቃ ብቻ ነው። ሲስተር ዘውዴ ሣጥኑን ከፈቱ። አውራ ጣት የሚያካክሉ የበረዶ ስባሪዎች ውኃው ላይ ይንሳፈፉ ነበር። አንዱን አንሥተው መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው በክሊኒኩ አጥር ሥር ተቀምጠው ነበር፤ ከጧት ጀምሮ መጠበቃቸውን ሰማን።

በማግስቱ ተመለስን። ጓድ ደሳለኝ ጋራዡ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ካኪያቸው አልተተኮሰም።

"ቆመች?" አሉ።

"ደረሰች" አሉ ጋሽ አያሌው። ከዚያ ማንም ሳይጠይቃቸው "ዘይቱ አልከዳንም። ግን ትጠጣለች፣ ጓድ። ከጀመረች ቆይታለች። መናገር ነበረብኝ" አሉ።

ሊቆጡ ነው ብዬ ጠበቅሁ። ጓድ ደሳለኝ አንድ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀመጡ።

"ታደሰ የመጨረሻ ጉዞውን ሊወጣ ሲል ዘይቱን በጣቱ እያሸ መጥቶ ነበር" አሉ። "'ጓድ፣ ይህ ለቆላ አይቀጥንም ወይ?' አለኝ። 'መጽሐፉ እንደሚለው ነው' አልኩት። በኋላ የመረመሩት ሰዎች ሲጠይቁኝ፣ ታደሰ ጠይቆኝ እንደነበር አልተናገርኩም። አልጠየቁኝማ። እኔም የጠየቁኝን ብቻ መለስኩ።"

ጋሽ አያሌው እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ነበር፤ መጥረጉን ተዉት።

ጓድ ደሳለኝ ተነሥተው ጃኬቱን ከሚስማሩ አወረዱ። አቧራው ሲራገፍ ጨርቁ ያልጠበቅሁት ደማቅ ሰማያዊ ሆነ። አጥፈው ወደ ጋሽ አያሌው ዘረጉት። "የሚስቱን ቤት ያውቁታል። ያድርሱልኝ።"

ጋሽ አያሌው አልተቀበሉም። "አውቀዋለሁ" አሉ። "እርስዎም ያውቁታል።"

ጓድ ደሳለኝ ጃኬቱን ብብታቸው ሥር አደረጉትና በሐይቁ ዳር መንገድ በእግራቸው ሄዱ። እዚያ ደርሰው ለሴትዮዋ ምን እንዳሏት አላውቅም። ከዚያ በኋላ ስለ ታደሰ ለበላይ አካል አመልክተዋል ይባላል፤ የተሰማ መልስ ግን እስከ አሁን የለም።

አንባቢዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ እንደኔ ተማሪዎች ትሆናላችሁ። ዘይት ቀላቅሉ ብዬ አልመክራችሁም፤ ያን ቀን ሌላ ምርጫ ብናገኝ ኖሮ አልቀላቅልም ነበር። ልነግራችሁ የምፈልገው ስለ መልስ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ፊቱን ማየት አክብሮት ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ለታደሰም እኮ የተመለሰለት መልስ ጨዋነት አልጎደለውም። አሁንም ትልቅ ሰው ሲጠይቀኝ አንገቴን ደፋ አደርጋለሁ፤ ዓይኔ ግን የሚሄደው ወደ ጠያቂው ሳይሆን ወደ ተጠየቀው ነገር ነው። ቀላል አይደለም። ብዙ ጊዜ ያቅተኛል።

በሰኔው ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ መጣ፤ የአየሩ ሙቀት ይህን ያህል በሆነ አገር ለመኪና የሚመረጠው ዘይት ቁጥሩ ስንት ነው የሚል። መምህሩ የሚሹትን ቁጥር አውቀዋለሁ፤ ጻፍሁት። ከሥሩ ግን "መኪናዋ አሮጌ ከሆነች፣ ዘይት የምትጠጣም ከሆነ፣ ይህ መልስ ላይበቃ ይችላል" ብዬ ጨመርሁበት። ግማሽ ነጥብ ተቀነሰብኝ። አልተከራከርሁም፤ አልተጸጸትሁምም።

ክረምቱን ወደ ዘጌ ከመሻገሬ በፊት ልሰናበታቸው ወደ ጋራዡ ሄድሁ። የላንድሮቨሯ ሞተር ወርዶ እየታደሰ ነበር፤ ያዘዙት ጓድ ደሳለኝ ናቸው፤ ጋሽ አያሌውም ከሥራ አልወጡም፤ በሌላ መኪና ይሠራሉ። ሚስማሩ ባዶ ነው። ጋሽ አያሌው ግን ጃኬታቸውን አሁንም የሚሰቅሉት ሌላ ቦታ ነው።